ደንብ ጸሐፊው አጥቂ

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከጋና ጋር ተጫወቱ። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። ሜዳው ግን ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ ያለው ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። አንድሬ አየው በቅጣት ምት አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1 ተለያዩ። ፋሲሎ ያለን የባሕር ዳር ልጆች የራሳችንን የሜዳ ጨዋታ ቡና ቤት ተቀምጠን በቴሌቪዥን አየነው።

ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 29፣ ደቡብ አፍሪካ እዚሁ ባሕር ዳር መጥታ 3 ለ 1 አሸንፋን ሄዳለች። ቀጥሎ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ስታዲየማችሁ መመዘኛውን አያሟላም አለ። ቀሪውን የሜዳ ጨዋታችንን ይዘን የት ሄድን? ያሸነፈን ቡድን አገር።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ካፍን ያልተራገመ አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ፣ ጀበና ቡና ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጥያቄው አንድ ነበር፦ «እነሱ ደግሞ ማን ሆነው ነው?» ጥያቄው ለቁጣ ማብረጃ የተጠየቀ ቢሆንም መልስ አለው። መልሱ ደግሞ ያሳፍራልም፣ ያኮራልም። እነሱ ማለት በከፊል እኛ ነን። የካፍ የመጀመሪያው ስብሰባ የተካሄደው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም፣ ግራንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ጫማቸውን ገና ያልሰቀሉ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበሩ፦ ይድነቃቸው ተሰማ።

ስማቸውን የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ የለም። ግን የምናውቃቸው አንድን ሐውልት በምናውቅበት መንገድ ይመስለኛል፤ አጠገቡ እናልፋለን፣ ምን እንዳደረገ ብንጠየቅ «ትልቅ ሰው ነበሩ» እንላለን። እኔ የምጽፈው የሐውልቱን ታሪክ ሳይሆን አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። እኛ አገር ልጅ ሲያድግ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ደብተር ወይ ኳስ። ፖሊ ኢንጂነሪንግ ስንማር ከፔዳ ግቢ ልጆች ጋር በምናደርጋቸው ጨዋታዎች ላይ ኳስ እግሩ ላይ የምትጣበቅ ልጅ አይጠፋም ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ወይ ኳሱን ትቷል፣ ወይ ትምህርቱን ሊተው ዳር ዳር እያለ ነው። ሁለቱን ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም። ይድነቃቸው ሁለቱን ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያም አልፎ፣ እኔ እንደማየው፣ ከእግራቸው ይልቅ ብዕራቸው ብዙ ጎል አግብቷል።

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ውስጥ «ኳርተርባክ» የሚሉት ቦታ አላቸው። እኛ የምናውቀው ኳስ አይደለም፤ እንቁላል የመሰለችውን በእጅ የሚወረውሩት ነው። ኳርተርባክ የቡድኑን እቅድ በጭንቅላቱ ይዞ፣ የተጋጣሚውን አሰላለፍ አንብቦ፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚወስን ሰው ነው። ከእነሱ መካከል እኔ የምወደው ፍራንክ ራያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ክሊቭላንድ ብራውንስን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ በፍጻሜው ባልቲሞርን 27 ለ 0 ሲረቱ ሦስት የጎል ኳሶችን አቀብሏል። በዓመቱ ከራይስ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ኳስ ካቆመ በኋላ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ የምክር ቤቱ አባላት እስከ ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት ካቋቋሙት አንዱ ነው። ለኮድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ጀግና ከየት ይመጣል? ራያን ከሜዳ ወጥቶ ድምፅ የሚቆጠርበትን መንገድ ቀየረ። የእኛው ሰው ደግሞ ድምፅ የሚሰጥበትን ክፍል ራሱን ነው የገነቡት።

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው የመኪና ሙያ የተማሩት፣ እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ በቅኔና በቀልድ አንደበታቸው የታወቁት እኒያው ተሰማ። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፦ አባት ሞተርንም ሸክላንም ገና እንግዳ በሆኑበት ዘመን ነካኩ፣ ልጅ ደግሞ ሌላ ከውጭ የመጣ ነገር፣ ኳስን ያዙ። ቤተሰቡ አዲስ ነገር ሲመጣ ሸሽቶ የሚያይ አልነበረም።

የዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ይድነቃቸውም ፈረንሳይኛውን የያዙት የዚያ ትውልድ ልጅ ስለሆኑ ነው። ከዚያ ጣልያን ገባ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ስትለቀቅ 19 ዓመታቸው። ማለትም ልጅ ሰው የሚሆንበትን ዕድሜ ሙሉ ያሳለፉት በፋሺስት የዘር ሕግ ሥር ነው፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር እንዳይኖር፣ በአንድ መኪና እንዳይሄድ፣ በአንድ ሲኒማ እንዳይቀመጥ በሚያዝ ሕግ። አዲስ አበባ ልትያዝ ጥቂት ወራት ሲቀራት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ የመሠረቱት ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ ነበር። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ ካርቱም ላይ ይመጣል።

ከነፃነት በኋላ ያለው የተጫዋችነት ታሪካቸው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ለጊዮርጊስ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል እየተባለ ይጠቀሳል። አካፍዬ አየሁት፤ በጨዋታ 0.87 ጎል ነው። የዛሬ አጥቂ ይሄን ቢያደርግ ወኪሎች ቤቱ በር ላይ ያድሩ ነበር። ስለ ጎሎቹ ግን ብዙ አልልም። ያየናቸው የሉም፣ ቪዲዮ የለም።

እኔን የሚስበኝ በዚያው ዘመን ከጨዋታ ውጪ ሲሠሩት የነበረው ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም፣ አገሪቱ በ1952 ፊፋን ስትቀላቀል፣ ከአደራጆቹ መካከል ነበሩ። የስፖርት ደንቦችንም ወደ አማርኛ መለሱ። ይሄ ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። «ከጨዋታ ውጪ» የሚለውን ሕግ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ ለማስረዳት አንድ ቀን ሞክሩና እዩት። ሕግ የሚተረጉም ሰው ሕጉን ከሚያስከብረው ዳኛ በላይ ሊያውቀው ግድ ነው፤ የት ጋ እንደሚላላ፣ የት ጋ ቀዳዳ እንዳለው፣ የትኛው ቃል ሁለት ትርጉም እንደሚሰጥ። በእኛ ሥራም እንደዚያው ነው። ዶክመንቴሽኑን ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው ውሎ አድሮ ስብሰባውን ይመራል። ሌላው ያጨበጭባል።

ወደ ካርቱም እንሂድ። ጠረጴዛው ላይ አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከአፍሪካ አብዛኛው ገና ቅኝ ግዛት ነው፤ ጋና እንኳ ነፃ የምትወጣው በወሩ ነው። ኮንፌዴሬሽኑን መሥርተው በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ነው። በድልድሉ ኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ናት። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል ያመጣው ሐሳብ ግን ይሄ ነበር፦ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንልካለን፤ የተደባለቀ አይሆንም።

ሌሎቹ ሦስቱ አይሆንም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

ይሄን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ውሳኔውን እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። ቀላል አልነበረም። አዲስ ድርጅት ነው፤ አራት አባል ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን በገዛ እጅህ ታስወጣለህ። ከአራት ሩብ ማለት ነው። ውድድሩም በሦስት ቡድን ቀረ። ግን ከሦስቱ አገሮች ወኪሎች መካከል በአገሩ ላይ «አንተ እዚህ አትቀመጥም» የሚል የዘር ሕግ በጉርምስናው የኖረ ሰው ነበረ። ለይድነቃቸው የፌል ሐሳብ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ነው፣ በሌላ ስም።

በነገራችን ላይ በውሳኔው የተጠቀመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ተጋጣሚ ስላጣች ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው አዲስ አበባ መጣ። ይድነቃቸው አሁን አሰልጣኝ ናቸው። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረቱ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው እንደገና ግብፅ ቆመች፤ በዚያ ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ባዳዊ አገባ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግም አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ባዳዊ ደገመ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩ። 4 ለ 2። ለኢትዮጵያ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን የአፍሪካ ዋንጫ እስከ ዛሬ ይሄው አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ ያደገው አስመራ። ጣልያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና 21 ዓመት ገደማ ነው፤ ስታዲየሙ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ወንድሙን፣ አባቱን ያጣ ሰው ነው። የጣልያን ስም የያዘ ሰው አምበል ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ሲቀበል ማየት ለሁሉም የሚዋጥ ነገር እንዳልነበረ መገመት አይከብድም። ግን ካርቱም ላይ «የተደባለቀ ቡድን አምጣ» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ የራሱ ቡድን ያልተደባለቀ ቢሆን ኖሮ ምን ፊት ይኖረው ነበር? ያ ቡድን ደንቡን በሜዳ ላይ ያነበበው ይመስለኛል።

ቀጣዩ ግጥሚያ ከራሱ ከፊፋ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ ዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ነበረው። አከፋፈሉን ተመልከቱ፦ አሥር ለአውሮፓ፣ አራት ለደቡብ አሜሪካ፣ አንድ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ። የቀረችው አንድ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በጋራ። ሦስት አህጉር፣ አንድ ወንበር። አፍሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ቡድን እንደገና ከእስያና ኦሺያኒያ አሸናፊ ጋር መጋጠም አለበት። በዚያ ላይ የፊፋው ፕሬዝዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ታግዳ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካ በ1963 እገዳዋን አንስተውላታል።

የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይሄን ከሚቃወሙት ፊት ቆሙ። መንገዳቸው ጩኸት አልነበረም፤ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም፣ የጉባኤ ድምፅ ነው። መልስ ሲያጡ በ1964 የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ፤ 15 ቡድኖች። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለ። ቦታዋን ሰሜን ኮሪያ ወሰደች፤ እንግሊዝ ሄዳም ጣልያንን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን ጉድ አሰኘች። አፍሪካ ግን የፈለገችውን አገኘች፤ ከ1970 ጀምሮ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ። ሞሮኮ ሜክሲኮ የሄደችው በዚያ ነው። በ1982 ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ገቡ። ሞሮኮ ኳታር ላይ ግማሽ ፍጻሜ ስትገባ ፋሲሎ ውስጥ የጮህን ሁሉ፣ መነሻው እነዚያ ደብዳቤዎች መሆናቸውን የሚነግረን አልነበረም።

ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዝዳንት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዓመት በፊት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። በ1974 ፍራንክፈርት ላይ ራውስ ወድቀው ብራዚላዊው ሃቬላንጅ ሲመረጡ፣ ሚዛኑን የገፋው የአፍሪካ ድምፅ ነው። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አስወጣ። ካርቱም ላይ የተባለው ዓለም አቀፍ ለመሆን 19 ዓመት ፈጀበት።

ግን ዋጋ ነበረው፣ እሱን ዘሎ ማለፍ ለእሳቸውም ክብር አይሆንም። በዚያው ሐምሌ፣ በዚያችው ከተማ፣ የኦሊምፒክ ውድድር ነበረ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ትውጣ አሉ፤ ኮሚቴው እምቢ ሲል ከሃያ በላይ አገሮች ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር ሙኒክ ላይ ነሐስ ይዞ የመጣ፣ ጉልበቱ የሞላ ሯጭ ነበር። ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ እንጂ፣ የሞንትሪያሉ ዕድል አልተመለሰለትም። መርሕ የሚባለው ነገር አንዳንዴ የሚከፈለው በሌላ ሰው እግር ነው። ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም ምሩፅን ባሰብኩ ቁጥር አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ ወደቁ፣ ደርግ መጣ፣ ይድነቃቸው ሁለቱንም መንግሥት አልፈው የካፍ ወንበር ላይ ነበሩ። አህጉሩ ወደፊት ሲሄድ ግን አገር ቤት ያለው ኳስ ወደ ኋላ ሄደ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች፤ በ1962፣ በ1968ና በ1976። ከዚያ በ1982 ተሳትፋ ጠፋች፤ የተመለሰችው በ2013 ነው። 31 ዓመት። ደንብ ያረቀቀ አገር ደንቡን የሚያሟላ ቡድን አጣ። ጥፋቱ የእሳቸው ነው ማለት አልችልም፤ አንድ ሰው አህጉር እያስተዳደረ የወረዳ ሜዳ አያስደለድልም። ከእሳቸው በኋላ ግን ሁለቱን የያዘ፣ ተጫዋችም ሕግ አዋቂም የሆነ ሰው ማፍራት ትተናል። ተጫዋቹን ከትምህርት ቤት አስወጣነው፣ የተማረውን ከሜዳ አስወጣነው፣ ፌዴሬሽኑን ለሁለቱም ላልሆነ ሰው ተውነው።

የባሕር ዳር ስታዲየምም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ፣ ጣሪያና ወንበሩ ሳይሟላ ዓመታት ያሳለፈ ትልቅ ሜዳ። መጋቢት 2013 ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍንበት ነው፤ የዚያን ቀን የከተማው ድምፅ እስከ ጣና ይሰማ ነበር። ድምፅ ግን በመመዘኛው ውስጥ የለም። መመዘኛው ስለ ተመልካች ወንበር፣ ስለ መልበሻ ክፍል፣ ስለ መብራት፣ ስለ ሕክምና ክፍል ነው የሚያወራው፤ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል። አንዱ ጓደኛዬ «ይድነቃቸው ቢኖሩ ኖሮ አይከለክሉንም ነበር» አለኝ። እኔ ተቃራኒው ነው የሚመስለኝ። እሳቸው ቢኖሩ ዝርዝሩን ከሁለት ዓመት በፊት በአማርኛ ተርጉመው ለከተማው ይልኩት ነበር።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዝዳንት እንደሆኑ አረፉ። አፓርታይድ ገና ቆሞ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፍ ኳስ የተመለሰችው እሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ደርባን ላይ ካሜሩንን 1 ለ 0 አሸንፋ። በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ራሷ ወሰደችው። ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነው፣ ከጎኑ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ የለበሱ ኔልሰን ማንዴላ ቆመዋል፣ ከኋላው አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ ጓደኞቹ ይጨፍራሉ። ካርቱም ላይ ፍሬድ ፌል «አይሆንም» ያለው ቡድን ይሄ ነበር። ለመምጣት 39 ዓመት ፈጀበት።